መምህር አይጣል

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሰው ሲሞት ከቤተ ክርስቲያን ቀጥሎ ወሬው የሚደርሰው ፎቶ ቤት ነው። ዕድርተኞች ገብተው ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ ገና ሳይናገሩ የመጡበት ጉዳይ ይገባኛል። «ትልቅ አድርገሽ አውጪልን» ይሉኛል፤ እኔም «ነፍስ ይማር» ብዬ ወደ ኮምፒውተሬ እዞራለሁ። ሥራዬ ነው፤ ለምጄዋለሁ። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ሁለቱ ሽማግሌዎች የሟቹን ስም ሲነግሩኝ መልመዴ ሁሉ ጠፋብኝ።

«የመምህር አንዷለም ፎቶ መቸም አንቺ ዘንድ አይታጣም» አለኝ አንደኛው።

«የትኛው አንዷለም?» አልኩ፤ የማውቀው አንዷለም አንድ ብቻ መሆኑን እያወቅኩ።

«መምህር አይጣል ነዋ» አለ ሁለተኛው፤ በዚህ ሰዓት የቅጽል ስም መጥራቱ ነውር ሆኖበት አንገቱን ደፋ።

ነገሩን በአጭሩ ነገሩኝ። ከአዲስ አበባ እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። በዚያው ቡሬ ያለ ጓደኛውን አይቶ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። አስከሬኑ ሆስፒታል ነው፤ ከቀትር በኋላ በጅጋ በኩል ወደ ተወለደበት ገጠር ይሄዳል። ፎቶው ከዚያ በፊት መድረስ አለበት። «ይደርሳል» አልኳቸው። ሲወጡ በሩን መለስ አድርጌ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ መፈለግ ጀመርኩ።

ፎቶ ቤቱን የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ኔጋቲቭ አይጥልም ነበር። ዓይኑን የጨፈነውም፣ ያስነጠሰውም፣ ግማሽ ፊቱ የተቆረጠውም ሁሉ በየካርቶኑ ተቀምጧል። «ነገ ተፈልጎ ይመጣል» ይል ነበር፤ እውነትም ይመጣል። እኔም ወደ ዲጂታሉ ስገባ ይህንኑ ልማድ ይዤ ገባሁ። በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ለቀብር ፎቶ አይያዝም፤ የከተማው ክርስቲያን ግን አብዛኛው የሚለቀስለት ከእኔ እጅ በወጣ ፎቶ ነው። መምህር አንዷለም በዚህ ይስቅብኝ ነበር። «እትዬ ዘይነብ፣ የአገሩ ልቅሶ ሁሉ አንቺ ዘንድ በአደራ ተቀምጧል» ይለኛል።

የተዋወቅነውም በልቅሶ ነው። ገና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ሆኖ ወደ ከተማችን እንደ መጣ፣ አባቱ ሞተውበት የቀበሌ መታወቂያቸውን ይዞ ገባ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የኮቱ እጅጌ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ሰው ነበር። መታወቂያው ላይ ማኅተሙ እንደ ደንቡ የፎቶውን ዳር ብቻ መንካት ሲገባው መሃል ፊታቸው ላይ አርፏል። ክቡ ከጉንጫቸው ተነሥቶ አንዱን ዓይናቸውን አልፎ ግንባራቸው ላይ ይደርሳል። ስናሳድገው ማኅተሙም አብሮ አደገ።

አንዷለም ፎቶውን ሁለት እጁ ላይ አድርጎ ወደ ብርሃኑ አዞረው። «ማኅተሙ የት ላይ አልቆ ነው አባቴ የሚጀምረው?» አለኝ።

«ልፍቀው ብል ፊታቸውም አብሮ ይፋቃል፤ ምን ላድርግ?» አልኩት። ያን ጊዜ በኮምፒውተር ማጽዳቱን ገና አልተማርኩም ነበር።

ይዞት ሄደ። በልቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ፊታቸውን ትቶ ማኅተሙን ሲያነብ እንደ ዋለ ኋላ ነገረኝ። ከሐዘኑ ሲመለስ ተመልሶ መጣና ባንኮኒዬ ላይ ተደገፈ። «እናቴ አለች። አንድም ፎቶ የላትም። እሷን ግን እንዲህ አድርጌ አላለቅስላትም» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመካከላችን የነበረው ጉዳይ ይኸው ብቻ ነበር፤ የእናቱን ፊት በሕይወት እያሉ፣ ጥርት አድርጎ ማንሣት።

«ምን ችግር አለው? ይምጡና ላንሣቸው» አልኩት።

ችግሩ ብርሃን ነበር። እናቱ እማማ ይታይሽ ትራኮማ ዓይናቸውን በልቶት፣ በዘመቻ የመጡ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና ያደረጉላቸው በጣም ከዘገየ በኋላ ነው። ፀሐይ ሲነካቸው በርበሬ የገባበት ያህል ይለበልባቸዋል። አንድ ፎቶ አንሺ ለመታወቂያ ብሎ ፍላሽ ቢያበራባቸው ለብዙ ቀን ዓይናቸውን መግለጥ አልቻሉም፤ መታወቂያም ሳይኖራቸው ቀሩ። የሚኖሩት መስኮት በሌለው ሣር ቤት፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነው።

የቅጽል ስሙን ነገር ልናገር። በእኛ አገር «አይጣል» የሚባለው ነገር ሲከፋ ነው፤ ብርዱ አይጣል ነው፣ ሕመሙ አይጣል ነው ይባላል። እሱ ግን ቃሉን እንደ ወረደ ነበር የሚይዘው። ክፍል ውስጥ በቆርቆሮው ቀዳዳ የፀሐይ ጨረር ከገባ ንግግሩን አቋርጦ ሄዶ መዳፉን ይዘረጋበታል፤ ውኃ የሚጠጣ ሰው እንደሚያደርገው እጁን ጎድጎድ አድርጎ። «አይጣል!» ይላል። ተማሪዎቹ ይስቃሉ። እኔ ቤት ሲመጣም መብራቴ ወደ ግድግዳ ዞሮ ካገኘው ሳይጠይቀኝ ይመልሰዋል። «ይህን ሁሉ ብርሃን ለግድግዳ? አይጣል!» ሲጀምር ያናድደኝ ነበር። የገዛ ቤቴ ውስጥ መብራት እንዴት እንደሚበራ የሚያስተምረኝ ሰው አያስፈልገኝም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ማስትሬቱን የሠራው በዚሁ ነገር ላይ ነበር፤ ዲጂታል ካሜራ የሚጥለውን ብርሃን እንዴት እንደሚያተርፉለት። መጀመሪያ ሲነግረኝ ያሾፈብኝ መስሎኝ ነበር። እንጀራዬ የሆነው ካሜራ ብርሃን ይጥላል ሲለኝ እንዴት አልቆጣም?

«እስቲ ወንፊት አስቢ» አለኝ። «የካሜራው ዓይን ላይ፣ ሴንሰር የምንለው ላይ፣ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ጥቃቅን ወንፊቶች ተደርድረዋል። አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ። ቀዩ ወንፊት ቀዩን ብርሃን ያሳልፍና ሁለቱን እዚያው ያስቀራቸዋል። አረንጓዴውም እንዲሁ። ከሦስት እጅ ብርሃን የሚገባው አንድ እጅ ገደማ ነው፤ ሌላው ባክኖ ይቀራል።»

«ታዲያ ቀለሙን በምን ይለየው?»

«እሱ ላይ ነው ነገሩ» አለና ኮቱን አውልቆ ተቀመጠ። ይህን ሲያደርግ እንደማይሄድ አውቃለሁ። «አባቴ የውኃ አባት ነበር። ታውቂያለሽ አይደል? ወንዙን ጠልፎ በየተራ ለየማሳው የሚያካፍል ማለቴ ነው። አንድ ቀን እንኳ ለአንዱ ሰጥቶ የሌላውን ውኃ ገደል ሲለቀው አላየሁም። ቢለቀው ኖሮ አገር በድንጋይ ይወግረው ነበር። እዚህ ድንጋይ ያስቀምጣል፣ እዚያ አፈር ይቆልላል፤ ውኃው ራሱ መንገዱን ይዞ ይከፈላል። እኛም በወንፊቱ ፈንታ ከፀጉር ውፍረት ሺህ ጊዜ የሚቀጥኑ ምሰሶዎች እንተክላለን። ናኖ ይሉታል፤ የትንሽ ትንሽ ማለት ነው። ብርሃኑ በምሰሶዎቹ መካከል ሲያልፍ ቀዩ ወደዚህ፣ ሰማያዊው ወደዚያ ይታጠፋል። እያንዳንዱ ወደ ራሱ ማሳ ይገባል። የሚጣል የለም።»

«ሠርተኸዋል?»

«በኮምፒውተር ላይ። በእጅ የሚሠራበት መሣሪያ አገራችን የለም።»

ያን ጊዜ ሳቅኩበት። ከፊዚክሱ ሁሉ የገባኝ ግን የውኃ አባቱ ነው፤ እስከ ዛሬም አልረሳሁትም።

አንድ ቅዳሜ ካሜራዬን ይዤ አብሬው ወረድኩ። ጅጋ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር። ያን ዓመት ያመጣሁት ካሜራ ከነበሩኝ ሁሉ የተሻለው ነበር፤ ልቤ ሞልቶ ነው የሄድኩት። እማማ ይታይሽ መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ጠበቁን። ከሣጥን የወጣ አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል። ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ ነው። ለዚህ ቀን ብለው ያስቀመጡት እንደሆነ ልጃቸው በጆሮዬ ነገረኝ።

«ፎቶ አንሺዋ አንቺ ነሽ እህትዓለም?» አሉኝ። «ቄሱ ቀልደውብኝ ነው ይታይሽ ያሉኝ። የሚታየኝ እንኳ ጭስ ነው። እስቲ እኔ እንኳ ባላይ ልታይ።»

በሩን ትንሽ ከፈት አደረግነው፤ ከዚያ በላይ አልቻሉም። እንባቸው ወረደ።

«እማማ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ላንሣዎት? በሩን እንከፍተዋለን» አልኩ።

«ሬሳ አደረግሽኝ እንዴ?» ብለው ተቆጡ። «ነገ ሞቼ ሲለቀስ ሰው ዓይኔን ይየው እንጂ!»

ልጃቸው በነጠላው አፉን ሸፍኖ ሳቀ። እሺ ብዬ በዚያው ጨለማ አነሣሁ። ካሜራውን አንድ ቦታ አቁሜ ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራውን መዝጊያ ለረጅም ጊዜ ከፍቼ እንዳልሞክር ራሳቸው በእርጅና ይንቀጠቀጣል፤ ፊታቸው ተድበስብሶ ወጣ። አፍጥኜ ሳነሣ ደግሞ ጨለማ ላይ ሽሮ የተበተነበት ይመስላል። እማማ «አሳዪኝ» ብለው አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩት።  ከዚያ ከኋላቸው ወደ ቆመው የእህል ጎታ ጠቆሙና «ይኸ እኔ ነኝ ወይስ ጎታው?» አሉ።

ስንመለስ እኔ በፊልም እንሞክር አልኩ፤ ባሕር ዳር ያጥብልኝ የነበረው ቤት ግን ማሽኑን ሸጦ ከዘጋ ቆይቶ ነበር። ጅጋ ስንደርስ አንዷለም ቆም አለና «እትዬ ዘይነብ፣ ወንፊቱን ብናወልቀውስ?» አለኝ።

«በወንፊቱ ፈንታ ምሰሶ እንተክላለን ስትለኝ አልነበር?»

«መትከሉን አልችልም። መፋቁን ግን እሞክራለሁ።»

በዚህ ዓይነት ነው የአባቴ የጨለማ ክፍል ዳግመኛ ሥራ ያገኘው። ፊልም ማጠብ ካቆምን ወዲህ ባዶውን የነበረውን ክፍል ሰጠሁትና የተሰበሩ ካሜራዎች ሰበሰብኩለት፤ ውኃ የገባባቸው፣ የወደቁ፣ ዘመድ ከውጭ ልኮላቸው ባለቤቶቹ ማስተካከል ያቃታቸው። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ይመጣል። የሴንሰሩን መስታወት በሽያጭ ብረት አሙቆ ያነሣል። ከሥሩ ባለ ቀለሙ ስስ ሽፋን አለ። ያንን የሚፍቅበት ነገር ሲፈልግ ብረቱ ሁሉ ሴንሰሩን ጎዳበት። በመጨረሻ ያገኘው መድኃኒት፣ ገበያ ላይ እናቶች የሚሸጡት የጥርስ መፋቂያ ነበር። ጫፉን በምላጭ አሹሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ቀለሙን በቀስታ ይፍቃል። የብራና ፋቂ ቤት የገባሁ ይመስለኝ ነበር።

አስቸጋሪው ሽፋኑ ብቻ አልነበረም። በሴንሰሩ ዙሪያ ከሸረሪት ድር የቀጠኑ የወርቅ ክሮች አሉ። መፋቂያው አንዱን ክር ከነካ ካሜራው ሞተ። አንዷለም በልጅነቱ ጥቂት ቅኔ ቆጥሯልና ይህ ነገር ደስ ይለው ነበር። «ሰሙን ፍቆ ወርቁን አለመንካት ነው!» እያለ ብቻውን ይስቃል። ተማሪዎቹም «መምህር፣ የት ይውላሉ?» ሲሉት ይኸንኑ ይመልሳል።

በዚህ መልሱ የመጣብንን ጣጣ! ወሬው ገበያውን ዞሮ፣ መምህር አይጣል ዘይነብ ቤት ተደብቆ ከካሜራ ወርቅ ያወጣል ተባለ። አንድ ቀን የጌጥ ነጋዴ ጎረቤቴ አንድ ጆንያ የሞተ ስልክና ራዲዮ አሸክሞ መጣ።

«መምህር፣ ይህን ነገር ብቻህን ከምትደክምበት ብንጋራው ምን ይለናል?» አለው በለሰለሰ ድምፅ።

«ምኑን ጋሼ?»

«እንዲያው... ያን የሚፋቀውን።»

«እኔ የምፍቀው ሰሙን ነው። ወርቁን አልነካውም።»

ነጋዴው ጣቱን እያወዛወዘ ሳቀ። «ቅኔ ቤት መግባትህን ሰምቻለሁ» አለና ጆንያውን ትቶ ወጣ። ጎጃም ውስጥ ሰው በቀጥታ ሲናገር ማን ያምነዋል? ወርቁን አልነካም ባለ ቁጥር ወርቁ እየበዛ ሄደ። በኔ በኩል ሰው ለምን እንደሚጎርፍ እያወቅኩ ደንበኛ ስለ ጨመረልኝ ዝም አልኩ። እሱ ግን ከልቡ ግራ ተጋብቶ «እውነቱን እየነገርኳቸው!» ይል ነበር።

የተፋቀውን ካሜራ ሁሉ የሚሞክረው በራሱ ላይ ነው። የጨለማ ክፍሉን በር በትንሹ ገርበብ አድርጎ በርጩማው ላይ ይቀመጥና «አንሺኝ» ይለኛል። የሚወጣው ምስል መሳቂያ ነበር። አንዱ ላይ ከአንገቱ በላይ የለም፤ ሌላው ላይ ጭረት ፊቱን ጥርብ እንጨት አስመስሎታል። «አጥፊው» ሲለኝ «እኔ ቤት ፊት አይጠፋም» እለዋለሁ። «እንግዲያው አንቺም አይጣል ሆንሽ» ብሎ ወደ ፍቂያው ይመለሳል።

ብዙ ካሜራ ከሞተ በኋላ አንዱ ከዳሩ በቀር ንጹሕ ሆኖ ወጣ። የመጀመሪያውን ምስል ያነሣሁት እጁን ብቻ አቅርቤ ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ የእጁ ጅማት፣ የሸሚዙ እጅጌ ስፌት ሳይቀር ይታያል። ነጭና ጥቁር ነው፤ ወንፊቱ ከሌለ ቀለም የሚለይ የለም።

እንደገና ወረድን። እማማ ያንኑ ባለ ጥለት ቀሚሳቸውን ለበሱ። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡ፤ አንዷለም ፊት ለፊታቸው ቆሞ ነጭ ጋቢውን በሁለት እጁ ዘረጋው። በበሩ ስንጥቅ የገባው ብርሃን ጋቢው ላይ አርፎ ወደ ፊታቸው ተመለሰ። ለስላሳ ስለነበረ ዓይናቸው አላለቀሰም። ነጠላቸውን ከቅንድባቸው ገፋ አደረጉና ቀና አሉ። እኔን ሳይሆን ልጃቸውን ነበር የሚያዩት። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሺህ ሰው አንሥቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ዓይን ግን አላነሣሁም።

ትልቅ አድርጌ አትሜ ሰጠሁት፤ ስንወስድላቸው እኔም አብሬ ሄድኩ። ፎቶውን አፍንጫቸው ላይ አስጠግተው ከላይ እስከ ታች አዩት። በጣታቸው የገዛ ጉንጫቸውን ነኩ፣ ከዚያ የፎቶውን።

«እኔው ነኝ» አሉ። «እንዲህ አርጅቻለሁ እንዴ?» ደስ ብሏቸው ነበር። ከዚያ ወደ ታች ሲወርዱ ፊታቸው ተለወጠ። «ጥለቴስ?»

አንዷለም ጎንበስ አለ። «እምዬ፣ ቀለሙን ጥዬ ነው ፊትሽን ያገኘሁት።»

«አንተ?» አሉት። «አንተ የማትጥለው?»

እንደዚያ ደንግጦ አይቼው አላውቅም።  ከዚያ ፊቱንም ቀለሙንም ሳይጥሉ የሚይዙበት መንገድ መኖሩን፣ የአባቱን የውኃ አባትነት እየጠቀሰ አስረዳቸው። እማማ ነገሩን ከእኔ ፈጥነው ተረዱት፤ ከውኃ አባት ጋር ኖረዋላ።

«ታዲያ እሱ የሚሠራው የት ነው?»

«ትምህርቱ አዲስ አበባ አለ፤ ተቀብለውኛል። አንቺን ትቼ የት እሄዳለሁ ብዬ ነው እንጂ።»

«እዚህ ቁጭ ብለህ እኔን ልትጠብቅ ነው? ይኸዋ ፊቴን ወሰድክ። አሁን ሂድና ጥለቴን አምጣልኝ» አሉት። ፎቶውንም በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከሣጥናቸው ውስጥ ከተቱት። ለልቅሷቸው ነው።

በዚያው ዓመት ለዶክትሬቱ ሄደ። በየበዓሉ ሲመጣ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይገባና ኮምፒውተሩን ከፍቶ ምሰሶዎቹን ያሳየኛል፤ በመስመር እንደ ተዘራ በቆሎ የቆሙ። አንዳንዴ ነገሩ ይጠራለታል፣ አንዳንዴ ተስፋ ይቆርጣል። «ውጭ አገር ያለ አንድ ቤተ ሙከራ ሊሠራልኝ ተስማምቷል» ብሎኝ ነበር በመጨረሻ ሲመጣ። እናቱም በጎረቤት ስልክ ባገኙት ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። «ደኅና ነህ?» ቀጥሎ «ጥለቴስ?»

«እየመጣ ነው እምዬ» ይላቸው ነበር።

እንግዲህ ያን ዕለት ጠዋት ኮምፒውተሬን ከፍቼ ፈለግኩ። የከተማው ሰው ሁሉ አለ። የእሱ ግን አንድ ደንበኛ ፎቶ የለም። ጉርድ ፎቶ እንኳ እኔ ቤት አልተነሣም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከካሜራው ወዲህ ነበር የሚቆመው። ያሉኝ የፍቂያ ሙከራዎቹ ብቻ ናቸው፣ አጥፊ እያለኝ ያላጠፋኋቸው። አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። በመጨረሻ አንዱ ላይ ቆምኩ። በርጩማው ላይ ተቀምጦ በቀጥታ ያያል፤ ሊስቅ ትንሽ ቀርቶታል። ከቅንድቡ እስከ አገጩ ረጅም ጭረት ወርዷል፣ የላይኛው ማዕዘን ጭራሽ ጠቁሯል። ዛሬ በኮምፒውተር ማጽዳቱን አውቃለሁ። ጭረቱን ላጠፋ ጀመርኩ፤ ሲጠፋ ግን ከአፉ ዳር ያለችው ሳቅ አብራ ሄደች። መለስኩት። እንዳለ አተምኩት።

ገጠር እናቱ ቤት ልቅሶው ላይ ስደርስ ወንዶቹ ደጅ ቆመዋል። ፎቶውን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ «እናቲቱ ይዩት መጀመሪያ» ብዬ አለፍኳቸው። እማማ ይታይሽ በዚያው መደብ ላይ፣ በሴቶች መካከል ተቀምጠዋል። ድምፃቸው አልቋል። ጫማዬን አውልቄ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

«ዘይነብ ነሽ?»

«ነኝ እማማ።»

«ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«የእሱን ፎቶ።»

ተቀበሉኝና አፍንጫቸው ላይ አስጠጉት።  ጣታቸው ጭረቱን ተከትሎ ከቅንድቡ ወደ አገጩ ወረደ።

«ቀለም አለው?» አሉኝ።

«የለውም፣ እማማ።»

«እንግዲያው እኩል ነን» አሉ። ለጎረቤቲቱ ቁልፍ ሰጡና ሣጥኑን አስከፈቱ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለው የራሳቸው ፎቶ ወጣ። «ይኸም ይውጣ። አብሮት ይያዝ። ከእንግዲህ ማን ይዞልኝ ሊያለቅስ ነው?»

ሴቶቹ ጮኹ። እኔ የማይረባ ነገር ተናገርኩ። ፎቶው መቧጨሩ በሰው ፊት አሳፈረኝ መሰለኝ። «እማማ፣ ይህኛው ለዛሬ ነው እንጂ ነገ ጭረቱን አጽድቼ ሌላ አመጣለሁ። ይህን ይስጡኝና ይጣላል» አልኩና እጄን ዘረጋሁ።

እማማ ይታይሽ ፎቶውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት።

«አይጣል» አሉ።

በዙሪያቸው ያሉት ሴቶች የሐዘን ቃል መስሏቸው «አይጣል! አይጣል!» እያሉ ተቀበሏቸው። እኔ እጄን ሰበሰብኩ።